መስመሩ የመንግሥት፣ ጣሪያው የሰፈር

በቡላኦስ፣ ጂቡቲ ከተማ ለሕዝብ የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ

ከእናንተ መካከል ገሚሱ ወደብ ላይ ውሎ የመጣ፣ ገሚሱም ሌሊት ከባድ መኪናውን አስነሥቶ በጋላፊ ድንበር በኩል የሚወጣ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩን ሳላንዛዛ ልጀምር።

ዓላማዬ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው። አንድ አገር ከናፍታ ወደ ታዳሽ ኃይል ሲሻገር ማዕከላዊው መንግሥት ምን ይሠራል? የአካባቢው አስተዳደርስ፣ ከተማውና ኮሚዩን የሚባለው የሰፈሩ አስተዳደርስ? ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ሚኒስትሮች፣ ስለ ብድርና ስለ ግዙፍ ማሽን ይሆናል። እኔ የማምነው ኃይሉን እስከ ከተማው በር ማድረስ የማዕከላዊው መንግሥት ሥራ መሆኑን፣ ከበሩ ወደ ውስጥ ግን ያለ ሰፈሩ አስተዳደር በወጉ እንደማይገባ ነው። ጂቡቲ በመጀመሪያው ሥራ ብዙ ተራምዳለች፤ ሁለተኛውን እምብዛም አልነካችውም። የእኛም አገር ኢትዮጵያ ከዚህ የተሻለች አይደለችም።

በቅድሚያ ስለ መስመሩና ስለ ነፋሱ፣ ቀጥሎ ከምድር ስለሚወጣው እንፋሎት፣ በመጨረሻም ስለ ኮሚዩን እናገራለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የመብራት ደረሰኛችን የሚታተመው በዚያ ነውና።

ይህ ሰፈር ለጉዳዩ ባዕድ አይደለም። የጂቡቲ ዋናው የናፍታ ማመንጫ ስሙን የወሰደው ከቡላኦስ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስከ 2011 ድረስ የከተማው መብራት፣ የወደቡ ክሬን፣ የሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ በአብዛኛው የተንጠለጠሉት በዚሁ ጣቢያ ሞተሮች ላይ ነበር። ጂቡቲ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ የነዳጅ ጉድጓድም የላትም። ሞተሮቹ የሚጠጡት እያንዳንዱ ሊትር በመርከብ የመጣ ነው። ናፍታ በዓለም ገበያ ሲወደድ መንግሥት ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ጭማሪውን በደረሰኙ ላይ ማውረድ፣ ወይ ከግምጃ ቤቱ መደጎም። ሁለቱንም ሲያደርግ ኖሯል። ለዚህም ነው የጂቡቲ የመብራት ታሪፍ በአፍሪካ ውድ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ የቆየው። እዚህ ቤት የሚከራይ ሰው ኪራዩን ከመጠየቁ በፊት መብራቱ በምን ሒሳብ እንደሚከፈል የሚጠይቀውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በ2011 ከድሬዳዋ የተነሣ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በአዲጋላ አልፎ ወደ ጂቡቲ ገባ። ርዝመቱ 283 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከአፍሪካ ልማት ባንክ የተገኘ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጂቡቲ ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ ትልቁን ድርሻ ከኢትዮጵያ ትገዛለች፤ በአንዳንድ ዓመታት ከሦስቱ እጅ ከሁለቱ በላይ። ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት ከ6 እስከ 7 የአሜሪካ ሳንቲም ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ በናፍታ ለማመንጨት ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። የቡላኦስ ሞተሮችም ከዋና ሠራተኛነት ወደ ተጠባባቂነት ወረዱ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የመንግሥት ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ በአካባቢያችን የለም። 283 ኪሎ ሜትር በረሃ ላይ ምሰሶ ተክሎ ለአንዲት ከተማ ኤሌክትሪክ ልሽጥ የሚል ነጋዴ በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ ዛሬም ማግኘቱ ያጠራጥራል። ሁለት መንግሥታት መፈራረም፣ ሁለቱም መበደር፣ ሁለቱም በየድንበራቸው መሬት ማስለቀቅ፣ ሁለቱ የመብራት ድርጅቶችም ሒሳባቸውን በዶላር መተሳሰብ ነበረባቸው። ከመስመሩ በፊት ደግሞ የሚሸጥ ነገር መኖር ነበረበት። ታስታውሱ እንደሆነ በ2009 አዲስ አበባ መብራት በፈረቃ ታገኝ ነበር። ከዚያ ተከዜ በ2009 መጨረሻ ተመረቀ፤ ግልገል ግቤ ሁለትና ጣና በለስ በ2010 ተከተሉ። እነዚህ ሦስት ጣቢያዎች በአንድ ላይ ከ1,000 ሜጋ ዋት በላይ ናቸው። መስመሩ ጂቡቲ የደረሰው ልክ ትርፍ በተፈጠረ ማግሥት ነው። አንድ ዓመት ቢቀድም ኖሮ ባዶ ሽቦ ይሆን ነበር።

ሆኖም ስምምነቱ በተፈጥሮ ላይ የቆመ በመሆኑ ድካሙም ከተፈጥሮ ይመጣል። የኢትዮጵያ ግድቦች የሚሞሉት በክረምት ነው፤ ሐምሌ ሲገባ መሙላት ይጀምራሉ፣ መስከረም ላይ ጢም ይላሉ። የጂቡቲ ሙቀት ግን ሐምሌን አይጠብቅም። ግንቦት ላይ ቬንቲላተሩ አልበቃ ይልና ኤሲ የሌለው ሰው ሌሊቱን ጣሪያ ላይ ያድራል። ግንቦት ደግሞ የእኛ ግድቦች ዝቅ የሚሉበት ወር ነው። እንግዲህ ገዢው አብዝቶ መፈለግ የሚጀምርበት ጊዜ ሻጩ ቆጥቦ ከሚጠቀምበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። መስመሩ በብልሽት ሲቋረጥ ወይም የኢትዮጵያ የራሷ ፍላጎት ሲያይል የቡላኦስ ሞተሮች እንደገና ይነሣሉ። አካባቢው የሚኖር ሰው ይህን ለማወቅ ጋዜጣ አያስፈልገውም።

ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በየካቲት 2022 የመጀመሪያውን ኃይል ሰጥቶ በመስከረም 2025 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ሲመረቅ ይህ ሒሳብ ተለውጧል። ትልቅ ግድብ ውኃን ከዓመት ወደ ዓመት ማሳደር ይችላል። ቢሆንም በአንድ መስመር የሚያልፈው ኃይል በመስመሩ ውፍረት የተወሰነ ነው። ለዚህ ነው በአፋር በሰመራ አድርጎ በጋላፊ ወደ ጂቡቲው ናጋድ የሚዘረጋ፣ 292 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሁለተኛ መስመር የታቀደው፤ እሱንም የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ፈቅዶለታል። ሾፌር ለሆናችሁት መንገዱን ማስረዳት አያስፈልግም።

አንዳንድ የጂቡቲ ወዳጆቼ መብራታችንን በጎረቤት እጅ ማስቀመጥ አያሰጋም ወይ ይሉኛል። ያሰጋል። እኛም ከገቢና ወጪ ዕቃችን ዘጠና በመቶውን የሚያህለውን በእነርሱ ወደብ ስናሳልፍ ያው ሥጋት አለብን። ሁለት አገሮች እንዲህ ሲጠላለፉ ሥጋቱን የሚያቃልለው የተጻፈ ውል፣ በጊዜው የሚከፈል ሒሳብና ሁለተኛ መንገድ መኖሩ ነው። ጂቡቲ የራሷን ምንጭ መፈለጓ ለኢትዮጵያ ቅሬታ ሊሆን አይገባም፤ ይህን ስል የሚከፋው ኢትዮጵያዊ ካለ ይቅርታ ይደረግልኝ።

የራሷን ምንጭ ስንል ቀድሞ የሚመጣው ነፋሱ ነው። ወደ አሳል ሐይቅ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው በጉቤት ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የቆሙትን 17 የነፋስ ተርባይኖች አይቷቸዋል። በአንድ ላይ ወደ 60 ሜጋ ዋት ይሆናሉ። በመስከረም 2023 ፕሬዚዳንት ኢስማዔል ዑመር ጌሌ መረቋቸው። ገንዘቡን ያወጡት የአፍሪካ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን፣ የሆላንዱ የልማት ባንክ ኤፍ.ኤም.ኦ.፣ ክላይሜት ፈንድ ማኔጀርስ እና የጂቡቲ ወደቦች ባለሥልጣን ኩባንያ የሆነው ግሬት ሆርን ሲሆኑ፣ የመሠረቱት ድርጅት ሬድ ሲ ፓወር ይባላል። በጂቡቲ ታሪክ የግል አምራች ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ለመንግሥቱ የመብራት ድርጅት ለኤሌክትሪሲቴ ደ ጂቡቲ ሲሸጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ታዲያ በግል ገንዘብ ከተሠራ የመንግሥት ሥራ የቱ ላይ ነው? ሥራው የተጀመረው ተርባይኑ ከመመረቁ ስምንት ዓመት አስቀድሞ ነው። በ2015 የወጣ ሕግ የግል አምራቾች ወደ ማመንጨት ሥራ እንዲገቡ ፈቀደ፤ እስከዚያ ድረስ ማመንጨትም ማከፋፈልም የአንዱ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። ቀጥሎ ድርጅቱ ለ25 ዓመት እገዛለሁ ብሎ ፈረመ። ከዚያም መንግሥት ድርጅቱ ባይከፍል እኔ አለሁ አለ፤ በመንግሥቱ ላይ ደግሞ የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው ሚጋ ለባለ ገንዘቦቹ ዋስትና ጨመረ። ዋስ በዋስ ላይ ካልተደረበ በስተቀር ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ እንዲህ ባለ ትንሽ ገበያ አይቀመጥም። ነፋሱ በነጻ ይነፍሳል፤ ዋጋ የሚወጣው ገንዘቡን ለማረጋጋት ነው። ይህን የማረጋጋት ሥራ ሊሠራ የሚችል ኮሚዩን በምድር ላይ የለም። የማዕከላዊ መንግሥት ሥራ ነው፤ ጂቡቲም በትዕግሥት ሠርታዋለች።

ምስጋናው ግን ያለ ልክ እንዳይሆን አንድ ነገር ልጨምር። የጂቡቲ መንግሥት በ2020 ሙሉ በሙሉ ታዳሽ ኃይል እጠቀማለሁ ብሎ ነበር። ዓመቱ መጥቶ ሄደ። አሁን የሚጠራው 2035 ነው። በግራንድ ባራ ሜዳ ላይም በ2015 የ300 ሜጋ ዋት የፀሐይ ጣቢያ ሊሠራ ነው ተብሎ ተነገረ፤ ያ ቀርቶ በ2023 ከአሜአ ፓወር ኩባንያ ጋር የተደረገው ስምምነት የ25 ሜጋ ዋት ነው። እኔ ከ300 ይልቅ 25ን አምናለሁ። ከአገሪቱ ጠቅላላ ፍላጎት የሚበልጥ ጣቢያ አንድ ጊዜ በአዋጅ ከመንገር፣ መረቡ ሊሸከመው የሚችለውን ማቆም ይሻላል። የእኛም አገር የኃይል ዕቅዶች ከዚህ በሽታ ነጻ አልነበሩም፤ በ2019 የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በ2025 እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ መብራት እንዲያገኝ፣ ከዚህም 35 በመቶው ከዋናው መስመር ውጭ በፀሐይና በመሳሰለው እንዲሆን ያቅድ ነበር። ዓመቱ ሲደርስ የሆነውን በገጠር ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃል።

አሁን ወደ እንፋሎቱ ልለፍ። ይህ ክፍል ለእኔ ከሁሉ የሚማርከኝ ነው፤ ብረዝም ትታገሡኛላችሁ።

በኅዳር 1978 በአሳል ሐይቅና በጉቤት መካከል አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ምድር እዚያ ላይ ስስ ናት፤ ከአፋር እስከ ኬንያ የሚወርደው ስምጥ ሸለቆ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ስንጥቆች ጋር የሚገናኘው በዚያ አካባቢ ነው። እሳቱ ቅርብ ከሆነ እንፋሎቱም ቅርብ ነው የሚል ግምት ግን ከፍንዳታው በፊትም ነበር። ፈረንሳዮች በ1975፣ የጂቡቲ ነጻነት ሊታወጅ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በአሳል ሁለት ጉድጓዶች ቆፈሩ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደው ሙቀት አገኙ። በ1987ና በ1988 አራት ተጨመሩ። ሙቀት ሞልቷል። ችግሩ ከሙቀቱ ጋር የሚወጣው ውኃ ነው፤ ጨዋማነቱ ከባሕር ውኃ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሲወጣ ግፊቱ ይወርዳል፣ የተሸከመው ማዕድን በቧንቧው ውስጥ ይጋገራል፣ ጉድጓዱም ቀስ በቀስ ይታነቃል። ሻይ ያፈላ ሰው በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቃል፤ ያንን በአንድ ኪሎ ሜትር ጥልቀት አስቡት።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ ሃምሳ ዓመት ሆነ። በ2014 መንግሥት ኦዴግ የተባለ የእንፋሎት ኃይል መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በ2018 በዓለም ባንክና በሌሎች ገንዘብ በአሳል አካባቢ በፊያሌ ቁፋሮ ተጀመረ። በ2021 ደግሞ የኬንያው የኃይል ኩባንያ ኬንጄን በዚያው አካባቢ በጋላ ለ ኮማ ጉድጓድ ሊቆፍር ተዋዋለ። እስከ ዛሬ ድረስ ከአሳል እንፋሎት አንድም አምፖል አልበራም። ይህን የሚሰማ ሰው ገንዘቡ ባከነ ሊል ይችላል። እኔ አልልም፤ ምክንያቱን በጎረቤቶቻችን ላስረዳ።

ኬንያ በኦልካሪያ የመጀመሪያውን የእንፋሎት ማመንጫ ሥራ ያስጀመረችው በ1981 ነው። ዛሬ ከኤሌክትሪኳ ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዚህ ምንጭ ይመጣል። ኢትዮጵያ በአሉቶ ላንጋኖ በ1998 አነስተኛ ጣቢያ ተከለች፤ ጣቢያው ብዙ ሳይሄድ ታመመ፣ ለዓመታትም ቆመ። ሸለቆው ግን አንድ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ኬንያ በ2008 ያደረገችው ነገር ይመስለኛል። ጂ.ዲ.ሲ. የተባለ የመንግሥት ድርጅት አቋቋመችና ሥራው በዋነኛነት መቆፈር እንዲሆን አደረገች። ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ኪሳራው የመንግሥት ነው፤ እንፋሎት ከተገኘ ግን ተርባይን ተካዩ በርካሽ ገንዘብ መበደር ይችላል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሚያሰጋ ነገር ጥቂት ነው።

ባዶ ጉድጓድ የመክፈል አቅምና ግዴታ ያለው መንግሥት ብቻ ነው። ነጋዴ አንድ ባዶ ጉድጓድ ሲያገኝ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። በእኛ አካባቢ ትልቁ ችግር ግን ባለሥልጣኑም ባዶ ጉድጓድን እንደ ነውር ማየቱ ነው። የቁፋሮ ሪግ ሲመጣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ውጤቱ ካላማረ ግን ነገሩ ዝም ይባላል፣ መሐንዲሱም ይወቀሳል። በ1975 የተቆፈረው ጉድጓድ ሁለት ነገር አስተምሯል፤ ሙቀቱ የት እንዳለና ጨዉ እስከ ምን እንደሚያስቸግር። ያ ትምህርት ለሚቀጥለው ቆፋሪ በነጻ ከተሰጠ ገንዘቡ አልባከነም። ተቆልፎ ከተቀመጠ ግን በእርግጥ ባክኗል። ስለዚህ ኦዴግ ስንት ሜጋ ዋት አመጣ ብሎ ከመጠየቅ በፊት፣ የጉድጓዶቹን መረጃ ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና ለሸለቆው ጎረቤቶች ክፍት አድርጓል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የመጨረሻው ክፍል ወደ ቤታችን ያቀርበናል። የጂቡቲ ከተማ በሦስት ኮሚዩኖች የተከፈለ ነው፤ ራስ ዲካ፣ ቡላኦስና ባልባላ። ሥልጣንን ወደ ታች የማውረድ ሕግ በ2002 ወጣ፤ የመጀመሪያው የአካባቢ ምርጫ በ2006 ተካሄደ። ኮሚዩን ልደትና ሞት ይመዘግባል፣ ስለ ገበያና ስለ ጽዳት ይጨነቃል። ስለ መብራት ሲጠየቅ ግን፣ እሱን ሚኒስቴሩን ጠይቁ ይላል። በሕግ ረገድ ትክክል ነው። ጥያቄው እንዲህ ሆኖ መቅረት አለበት ወይ ነው።

ለመሆኑ የጂቡቲ ኤሌክትሪክ የት ይሄዳል? በሙቀት ወራት ትልቁ በላተኛ ማቀዝቀዣ ነው። የማቀዝቀዣውን ሆድ የሚወስነው ደግሞ ቤቱ ነው፤ ጣሪያው ምን እንደሆነ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ፣ በግድግዳውና በጎረቤቱ ግድግዳ መካከል ነፋስ ያልፍ እንደሆነ። ጣውላና ቆርቆሮ በሆነው የድሮ ካርቲዬ፣ ማለትም የድሮ ሰፈር፣ ቤት ውስጥ በቀትር የተቀመጠ ሰው ይህን ከማንኛውም መሐንዲስ በተሻለ ያውቀዋል። እነዚህ ነገሮች አንዱም በኃይል ሚኒስቴር አይወሰኑም። የሚወሰኑት የቤት ሥራ ፈቃድ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ወይም ፈቃድ በሌለበት ማንም አይወስናቸውም።

ከተማ ግን መወሰን ይችላል፤ በሕንድ አሕመዳባድ የምትባል ከተማ አለች። በግንቦት 2010 ሙቀቱ ከ46 ዲግሪ አልፎ ከወትሮው በላይ ከ1,300 ያላነሰ ሰው ሞተባት። ማዘጋጃ ቤቱ በ2013 የራሱን የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣ፤ በኋላም በድሃ ሰፈሮች የቤቶችን ጣሪያ ፀሐይ በሚመልስ ነጭ ቀለም ማስቀባት ጀመረ። ቀለም ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። ሌላም ከተማ ልጥቀስ። ባርሴሎና በ1999 ያወጣችው የከተማ ደንብ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለሙቅ ውኃው የሚያስፈልገውን ሙቀት 60 በመቶ ከፀሐይ እንዲያገኝ ያስገድድ ነበር። የስፔን መንግሥት ይህን አገር አቀፍ ሕግ ያደረገው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ማለትም ማዕከላዊው መንግሥት ከከተማ ተማረ።

አንዳንድ ሰው ጂቡቲ ትንሽ አገር ናት፣ ሚኒስቴሩና ኮሚዩኑ በእግር የሚያስኬድ ርቀት ላይ ናቸው፣ ሥልጣን ማካፈል ለምን ያስፈልጋል ይላል። ክርክሩ ክብደት አለው። ግን ባልባላን ተመልከቱ። በ1966 የቅኝ ገዢው መንግሥት ከተማዋን በሽቦ አጠረና ከገጠር የሚመጣውን ሰው ውጭ አስቀረ፤ ባልባላ ከሽቦው ውጭ አደገች። በሕግ የከተማዋ አካል የሆነችው በ1987 ነው። በካርታ ላይ ከቤተ መንግሥት ያላት ርቀት ጥቂት ኪሎ ሜትር ነበር፤ በመብራትና በውኃ ግን የሃያ ዓመት ርቀት ነበር። የሰፈር ችግር በርቀት አይለካም፤ ስለ ሰፈሩ የሚጠየቅና ሊሻር የሚችል ሰው በመኖር አለመኖሩ ነው የሚለካው።

ከአዲስ አበባም አንድ የከፋ ምሳሌ አለን። በመጋቢት 2017 የቆሼ ቆሻሻ ተራራ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ገደለ። በዚያው ቦታ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ በነሐሴ 2018 ተመረቀ። ጣቢያው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ቆሻሻው ደግሞ የከተማው አስተዳደር ነበር። ማን ለማን ይከፍላል? ቆሻሻውን መለየት የማን ሥራ ነው? እርጥቡ ሲበዛ ምድጃው ሲያስቸግር ኪሳራው በማን ይቆጠራል? ተርባይኑ ከመተከሉ በፊት በሁለቱ መካከል መልስ ማግኘት የነበረበት ጥያቄ ይህ ነበር። ማሽኑ በሥራ ላይ የሚቆየው በእነዚህ ሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል ያለው ወረቀት ጥሩ ከሆነ ነው።

ዛሬ ይኸው ነገር በመኪና መልክ እየተደገመ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪኖቹን ከመርከብ ሲወርዱ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ውሳኔው የፌዴራል ነው፤ በአንድ ቀን ተወሰነ። መኪናው የት ይሞላል የሚለው ግን የከተማ ነው፤ ቦታ ይጠይቃል፣ የሰፈር ትራንስፎርመር ይጠይቃል፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ኮሚቴ ስምምነት ይጠይቃል። ይህ በአንድ ቀን አይወሰንም።

ኬንያ በ2010 ሕገ መንግሥቷ ኤሌክትሪክ በየአካባቢው የማዳረስን ሥራ በካውንቲዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች። እኔ ጂቡቲ ይህን ሙሉ በሙሉ ትቅዳ አልልም፤ ሥራ አውርዶ ገንዘብ አለማውረድ ሥራውን ካለማውረድ ይከፋል፤ ኮሚዩኑን በባዶ እጁ ማስወቀስ ይሆናል። ማመንጨት፣ ከፍተኛ መስመርና ታሪፍ ባሉበት ይቆዩ። ለኮሚዩኑ ግን የቤት ሥራ ፈቃድ ላይ ስለ ጣሪያና ስለ ጥላ የመናገር መብት ይሰጠው። የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ጣሪያዎችን ለፀሐይ ሰሌዳ ማዋል የእርሱ ይሁን። በአንድ ቆጣሪ ስምንትና ዐሥር ክፍል በሚጠቀምበት ግቢ አከራይ ከተከራይ የሚሰበስበው ገንዘብ ከድርጅቱ ታሪፍ እንዳያልፍ የሚሰማና የሚዳኝ አንድ ጠረጴዛም ይኑረው። ታሪፉ ከላይ ቢቀንስ እንኳ ቅናሹ በግቢው በር ላይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነውና። ርካሹ የጉቤት ነፋስ እዚያች ክፍል እስኪደርስ ድረስ ለተከራዩ የተለወጠ ነገር የለም።

አብዛኞቻችን እዚህ እንግዶች ነን፤ ድምፅ አንሰጥም። ግን ኪራይ እንከፍላለን፣ በኪራዩ ውስጥ መብራት እንከፍላለን፣ ልጆቻችን እዚህ ትምህርት ቤት ይውላሉ። የጂቡቲ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ድምፅ አላቸው፤ የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ በ2022 ነበር፣ የምክር ቤቱ ዘመንም አምስት ዓመት ነው። ሊመረጥ የሚመጣ ሰው በሰፈሩ የፀሐይ መንገድ መብራት አስተክላለሁ ማለቱ አይቀርም። መትከሉን ለጋሽ ይከፍልለታል። እሱን መጠየቅ ያለባችሁ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ባትሪው ሲሞት መለወጫው በየትኛው በጀት፣ በየትኛው መስመር ላይ እንደተጻፈ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ስለ ቆጣሪ ከሆነ ግን ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ቁጥሩን አብረን እናየዋለን።